ብሮራ፦ ማንም ሳያስበው ያረጀ ውስኪ

ስለ ረጅም ዘመን ውስኪ የሚነገረው ተረክ አብዛኛውን ጊዜ የትዕግሥት ተረክ ነው። አንድ አርቆ አሳቢ ባለሙያ በርሜሉን ጨለማ መጋዘን ውስጥ ያስቀምጣል፤ አርባ ዓመት ያልፋል፤ ወንበሩን የወረሰ ሌላ ባለሙያ ይከፍተዋል፤ ጠርሙሱ በሚያምር ሣጥን ታሽጎ ዋጋው ይነገራል። ነገሩ ደስ ይላል፤ ለማስታወቂያም ይመቻል። በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሰዘርላንድ በሚባለው አውራጃ ባሕር ዳር ላይ ያለው የብሮራ ፋብሪካ ታሪክ ግን ከዚህ ተረክ ጋር አይገጥምም። ዛሬ ሰብሳቢዎች በመኪና ዋጋ የሚሻሙበትን ይህን ውስኪ አርባ ዓመት ይቆይ ብሎ ያስቀመጠው ሰው የለም። ባለርስቱ ገብስ እንዲሸጥለት፣ መንግሥት ስካር እንዲቀንስለት፣ ኩባንያው ክምችቱ እንዲጎድልለት እያለ የወሰነው ውሳኔ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ነው ብሮራ የተገኘው። ይህ አባባል የተጋነነ ሊመስል ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ መከተል ይሻላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በበግ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሰዘርላንድ በአብዛኛው የአንዲት ሴት፣ የካውንቴስ ኤልዛቤት ርስት ነበር። ባለቤቷ የስታፎርዱ ማርኩዊስ ደግሞ በዘመኑ በብሪታንያ ከታወቁት ቱጃሮች አንዱ ነው። የርስቱ አስተዳዳሪዎች በየሸለቆው ከሰፈሩት ጭሰኞች ከሚሰበሰበው ኪራይ ይልቅ መሬቱን ለበግ አርቢ ማከራየት እንደሚያዋጣ አሰሉ። ከ1811 ገደማ ጀምሮ በነበሩት አሥር ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያት መንደራቸው ተነቅለው ወደ ባሕር ዳር ተገፉ፤ ተመልሰው እንዳይገቡም የብዙዎቹ ቤት ተቃጠለ። ከርስቱ ምስለኔዎች አንዱ የነበረው ፓትሪክ ሴላር በዚህ ሳቢያ ሰው ገድሏል ተብሎ በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበና በነፃ ተለቀቀ። ማርኩዊሱ በሞቱ ዋዜማ በ1833 ዱክ ተባለ፤ ከብሮራ በስተ ደቡብ ጎልስፒ አጠገብ ካለው ተራራ አናት ላይም ግዙፍ ሐውልት ቆመለት። ሐውልቱ ይፍረስ፣ አይፍረስ የሚለው ክርክር እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አልበረደም።

ለተፈናቀሉት ሰዎች ባሕር ዳር ላይ ቁራጭ ቁራጭ መሬት ተሰጣቸው፤ ዓሣ እያጠመዱ፣ ገብስ እየዘሩ ይኑሩ ተባለ። ብሮራ መንደር የርስቱ የኢንዱስትሪ ማዕከል እንድትሆን ታቅዶ ስለነበር የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ የጨው ማፍያ፣ የጡብ ምድጃ ተተከለባት። ከሰሉ ደካማና በራሱ ገበያ የማያወጣ ነበርና የሚያነደው ሰው ያስፈልገው ነበር። በ1819 በ750 ፓውንድ ወጪ ክላይንሊሽ የተባለ የውስኪ ፋብሪካ ተሠራ። የርስቱ ዋና አስተዳዳሪ ጄምስ ሎክ በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ዓላማውን ሳይደብቅ አስፍሮታል፦ ለትንንሾቹ ጭሰኞች የገብስ ገበያ ለመክፈትና ገብሱ ወደ ሕገወጥ አረቄ አውጪዎች እንዳይሄድ ለመከልከል። ገብሱ ለፋብሪካው ይሸጣል፣ ገንዘቡ በኪራይ መልክ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል፣ ከሰሉም ይነዳል። ጣዕም የሚባል ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ዕድሜማ ከቶ።

ያኔ ውስኪ የሚጠጣው ትኩሱን ነበር። ከመዳብ ማውጫው ተንጠባጥቦ ሲወርድ እንደ ካቲካላ ውሃ የመሰለ ነው፤ ወርቃማ ቀለሙ ሁሉ ኋላ ከእንጨት የሚመጣ ነው። በርሜል ዕቃ መጫኛ እንጂ መጠጥ ማስረጂያ አልነበረም። ለነገሩ በሀብታሞች ምድር ቤት የቆየ በርሜል እየተሻለ እንደሚሄድ ይታወቅ ነበር፤ ክላይንሊሽም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከጥሩዎቹ ተርታ ተሰልፎ፣ የወይንና የመጠጥ አዋቂ የነበረው ሃያሲ ጆርጅ ሴንትስበሪ በ1920 ባሳተመው የምድር ቤት ማስታወሻው ውስጥ በበጎ ያነሳው ሆኗል። ግን ዕድሜን ከምርጫ ወደ ግዴታ የለወጠው የመጠጥ ወዳጅ ሳይሆን የመጠጥ ጠላት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ የጦር መሣሪያ ሠራተኞች ስካር ከጠላት የባሰ ጎዳን ብሎ ተነሣ። ቀረጡን በእጥፍ ሊያሳድግ፣ ከተቻለም ንግዱን ሊዘጋ ይፈልግ ነበር። ነጋዴዎቹ በብርቱ ተቃወሙ፤ ከጆኒ ዎከር ቤት የወጣው ጄምስ ስቲቨንሰን መካከለኛ መንገድ አመጣ፦ ጠንካራና ትኩስ አረቄ ነው ሰውን የሚያሳብደው፤ ስለዚህ ማንኛውም ውስኪ ከመሸጡ በፊት በቀረጥ መጋዘን ይቆይ። በ1915 የወጣው ሕግ ሁለት ዓመት አለ፤ በ1916 ሦስት ተደረገ። እስከ ዛሬ ሦስት ዓመት ያልሞላው የስኮትላንድ አረቄ ውስኪ ተብሎ አይጠራም። የጥራት መለኪያ ተደርጎ የሚነገረው ይህ ሕግ ሲወለድ የጥራት ሐሳብ ከአዋላጆቹ መካከል አልነበረም።

ክላይንሊሽ በ1896 ኤይንስሊ ለተባለ የሊዝ ከተማ ውስኪ ደባላቂ ተሽጦ፣ ኋላም ደረጃ በደረጃ፣ በ1925 ሙሉ በሙሉ፣ ዲስቲለርስ ካምፓኒ በተባለው ግዙፍ ድርጅት እጅ ገባ። እዚህ ላይ የውስኪን ንግድ አሠራር ማስታወስ ግድ ነው። ሲንግል ሞልት ማለት ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የወጣ፣ ከገብስ ብቅል በቀር ሌላ እህል ያልገባበት ውስኪ ነው፤ ዓለም የሚጠጣው ግን በአብዛኛው እንደ ብላክ ሌብል ያለውን ድብልቅ ነበር፣ ዛሬም ነው። ለዲስቲለርስ ካምፓኒ አንድ ፋብሪካ ማለት ወጥ ውስጥ እንደሚገባ አንድ ቅመም ነው፤ ኮረሪማን ለብቻው በሳህን የሚያቀርብ ባለሙያ የለም። ከብሮራ የወጣው በርሜል ዕጣው ስምንትና አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከሌሎች ሠላሳና አርባ ጋር መደባለቅ ነበር። ፋብሪካው በኢኮኖሚ ቀውስ ከ1931 እስከ 1938 ተዘጋ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ገብስ ለእንጀራ ሲፈለግ እንደገና ተዘጋ፤ ተከፈተ። ማንም አላለቀሰም፤ ቅመሙ ከሌላ ይገኛል።

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ገበያ ሲጋል ድርጅቱ በአሮጌው ግቢ አጠገብ ስድስት የመዳብ ማውጫዎች ያሉት ዘመናዊ ፋብሪካ አቁሞ ክላይንሊሽ የሚለውን ስም ለእሱ ሰጠው። አሮጌው ሁለት ማውጫዎች ብቻ ነበሩትና በ1968 ጡረታ ወጣ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብሮራ የሚባል ውስኪ ባልኖረ። ያተረፈው ከምዕራብ ጠረፍ የመጣ ችግር ነው። አይላ የምትባለው ደሴት ውስኪ የምትታወቀው በጢሱ ነው፤ ብቅሉ የሚደርቀው በረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት በተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽ እሳት ነው። ብስባሹ በአካፋ ተቆርጦ፣ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ደርቆ እንደ ኩበት ይነዳል፤ ፒት ይሉታል። ደባላቂዎቹ ይህን ጢስ አጥብቀው ይፈልጉት ነበር፤ ሆኖም አይላ ላይ ውሃ አጠረ፣ ከድርጅቱ የአይላ ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው ኩል ኢላም በ1972 ፈርሶ እንደ አዲስ ሊሠራ ነበር። ስለዚህ በ1969 አሮጌው የሰዘርላንድ ፋብሪካ ከጡረታ ተጠርቶ በጢስ ከታጠነ ብቅል ውስኪ እያወጣ የአይላን ጎደሎ እንዲሞላ ታዘዘ። ብሮራ የሚለው ስምም የመጣው በዚህ ሁለተኛ ሕይወቱ ነው። ዛሬ አዋቂዎች አንገታቸውን አዘንብለው የሚያወሩለት የ1972 ብሮራ፣ በሥራ መዝገቡ ላይ የሌላ ደሴት ምትክ ነበር። ኩል ኢላ በ1974 እንደገና ሥራ ሲጀምር የብሮራ ጢስ ቀጠነ፤ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የታጠነ ብቅል የገባው።

የ1970ዎቹ መጨረሻ ለውስኪ ክፉ ዘመን ነበር፤ ክፋቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የታየው። ውስኪ አምራች ዛሬ የሚያወጣውን ከስምንትና ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚሸጥ የወደፊቱን ገበያ መገመት አለበት። የ1960ዎቹ ዕድገት እንደሚቀጥል ተገምቶ በርሜሎች ተሞሉ፤ ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ናረ፣ ኢኮኖሚው ወደቀ፣ ወጣቱ ጠጪ ወደ ቮድካ ዞረ። መጋዘኖቹ ሞልተው ፈሰሱ፤ የንግዱ ሰዎች ሁኔታውን የውስኪ ሐይቅ አሉት። በ1983 ዲስቲለርስ ካምፓኒ ከነበሩት 45 ፋብሪካዎች 11ዱን ዘጋ። አይላ ላይ ፖርት ኤለን፣ ሊንሊዝጎ ላይ ሴንት ማግደሊን፣ ሰዘርላንድ ላይ ብሮራ። ለብሮራ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ አጥር የሚጋራው አዲሱ ክላይንሊሽ በአንድ ቀን የሚያወጣውን አሮጌው ብዙ ደክሞ ነው የሚያወጣው። በመጋቢት ወር እሳቱ ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የክርክሬ መሠረት ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ በርሜሎቹ አልጠፉም፤ ማውጫዎቹም እንደ ፖርት ኤለን ተነቅለው አልተወሰዱም፤ ዝም ብለው ቆሙ። መጋዘኖቹ ለክላይንሊሽ ማገልገላቸውን ቀጠሉ። ለድብልቅ የታሰበው ውስኪ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጥቶ ተደባለቀ፤ የተረፈው ግን ደባላቂዎቹ ስላልጠሩት ተረፈ። ጢሱ ለብዙው ድብልቅ ይከብዳል፤ ብዛቱ ትንሽ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ገና አልደረቀም። እዚህ ላይ ስለ እንጨቱ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ለእኔ ከሁሉም የጠነከረው ማስረጃ እሱ ነው። ረጅም ዕድሜ ውስኪን ሁልጊዜ አያሻሽልም። አዲስ የኦክ በርሜል ኃይለኛ ነው፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሲቆዩበት መጠጡ እንደ ሻይ ቅጠል ብዙ እንደፈላ ይመራል፣ አፍ ያጨማድዳል፣ የፋብሪካው ጠባይ በጣውላ ጣዕም ይዋጣል። ለአርባ ዓመት አስቦ የሚያስቀምጥ ሰው ለክብሩ ሲል ምርጥና አዲስ በርሜል ይመርጥ ነበር፤ ያበላሸውም ነበር። ብሮራ የተቀመጠው ግን በአብዛኛው ሁለቴ ሦስቴ ውስኪ ተሞልቶባቸው ጉልበታቸው ባለቀ፣ ወደ 250 ሊትር በሚይዙ በርሜሎች ነው፤ ለተራ ድብልቅ ማን አዲስ በርሜል ያባክናል? ያረጀው እንጨት የሚሰጠው ጥቂት ስለነበር መጠጡ በዝግታ አየር እየሳበ፣ ሳይመር አረጀ። ቁጠባው ነው ያዳነው።

ሒሳቡም ይታይ። በስኮትላንድ ከአንድ በርሜል በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ ገደማ በእንጨቱ ቀዳዳዎች ይተንናል፤ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። በዚህ ፍጥነት 250 ሊትር ከአርባ ዓመት በኋላ 111 ሊትር ያህል ይሆናል፤ 160 የማይሞላ ጠርሙስ ማለት ነው። በዚያ ላይ የአልኮሉ ኃይል እየወረደ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ሕጉ ውስኪ ብለህ አትሸጥም ይላል፤ በርሜሉ አንድ ክረምት አሳልፎ ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ተራ ሸቀጡን አርባ ዓመት የሚያቆይበት ምክንያት አይኖረውም። መላእክቱ በየዓመቱ ይጠጣሉ፣ የመጋዘን ኪራይ ይቆጠራል፣ የታሰረው ገንዘብ ወለድ ይበላል። የተቀመጠው ማንም የሚፈልገው ባለመኖሩ ነው።

ፍላጎቱ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ዲስቲለርስ ካምፓኒ በ1986 በጊነስ ተገዝቶ፣ ጊነስም በ1997 ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ዲያጆ ተባለ። በመካከሉ፣ በ1995፣ ከተዘጉት ፋብሪካዎች የተረፉት በርሜሎች ብርቅዬ ሞልቶች በሚል ተከታታይ እትም መውጣት ጀመሩ፤ የ1972 ብሮራም ከእነሱ አንዱ ነበር። በ2002 የ30 ዓመት ብሮራ በ3,000 ጠርሙስ ወጣ፤ እስከ 2017 ድረስ በየዓመቱ አንዳንድ እትም ተከተለ። በ2014 ከ1972 የተረፈ የ40 ዓመት ብሮራ 160 ጠርሙስ ብቻ ሆኖ እያንዳንዱ ወደ 7,000 ፓውንድ ተተመነ። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው፦ ዋጋው የእጥረት እንጂ የጣዕም አይደለም፣ ፋብሪካው ባይዘጋ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግማሹን እቀበላለሁ። ሰባት ሺህ ፓውንድ የሚከፈልበት ምላስ የለም። ነገር ግን በ1983 የተዘጉት ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል እንደ ብሮራ የሚፈለጉት በጣት ይቆጠራሉ፤ እጥረት ብቻውን ይህን ልዩነት አያስረዳም። የብሮራ ወዳጆች የሚሉት ጢሱን ብቻ አይደለም፤ ምላስ ላይ እንደ ሻማ ሰም የሚለጠፍ ልስላሴ አለው። ጎረቤቱ ክላይንሊሽ ውስጥም ያው ባሕርይ አለ፤ ምንጩ የታወቀው ደግሞ በስህተት ነው። ከማውጫው የሚወርደውን የሚቀበለው ጋን ውስጥ ለዓመታት የተጋገረ ቅባታማ ዝቃጭ በጽዳት ጊዜ ተፍቆ ሲወጣ ሰሙ ከመጠጡ ጠፋ። ንጽሕና ወዳድ ሠራተኛ ሁሉ የሚፍቀው ነገር ነው ጣዕሙን የያዘው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። አስቦ የሚያስረጅ ሰው የለም ማለት አይቻልም። ኤልጊን ከተማ በ1895 እንደ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የተከፈተው ጎርደን ኤንድ ማክፋይል የሚባለው የቤተሰብ ድርጅት ከየፋብሪካው ትኩስ ውስኪ እየገዛ በራሱ በርሜል ያስቀምጥ ነበር። በ1938 የሞላውን ሞርትላክ በ70 ዓመቱ በ2010 አወጣ፤ በየካቲት 1940 የሞላውን ግሌንሊቬት ደግሞ በ80 ዓመቱ በ2021 ሸጠ። አባትና ልጅ ያስቀመጡትን የልጅ ልጆች ከፈቱት፤ ተረኩ እውን ሆነ ማለት ነው። ይህን አልክድም፤ ክርክሬንም ያጠበዋል። ግን ማን እንዳስቀመጠው ልብ ይባል፦ ውስኪውን ያወጣው ፋብሪካ አይደለም፤ የውጭ ባለ አክሲዮን የሌለበት፣ ቡናና ሻይ እየሸጠ የሚኖር፣ በርሜሉን ዛሬ ለመሸጥ ማንም የማያስገድደው ባለሱቅ ነው። ውስኪ እስኪያረጅ የሚቆየው ወይ ገንዘቡን ከማይቸኩልበት ሰው ዘንድ፣ ወይ ከረሳው ሰው ዘንድ ነው። በገበያ ላይ ያለ ትልቅ ኩባንያ የመጀመሪያውን ለመሆን ባሕርዩ አይፈቅድለትም። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ፦ ዲያጆ በ2012 ሜታ አቦ ቢራን ከኢትዮጵያ መንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ለካስቴል ሸጦት ወጣ። ክፋት አይደለም፣ የንግድ ስሌት ነው፤ በዚያው ስሌት ግን አንድ በርሜል አርባ ዓመት አይቀመጥም።

በጥቅምት 2017 ዲያጆ ብሮራንና ፖርት ኤለንን በ35 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ እንደሚከፍት አስታወቀ። ከዚያ የተከተለው ሥራ ያለፈውን ስህተት በጥንቃቄ የመድገም ሥራ ነው፤ እንዲህ ሲባል ማሾፍ አይደለም። የማውጫው ቤት ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ በዚያው ድንጋይ እንደገና ተገነባ። ሁለቱ አሮጌ የመዳብ ማውጫዎች ወደ አሎዋ ከተማ ተጭነው ሄደው በመዳብ አንጥረኞች ታድሰው ተመለሱ። የእንፋሎቱ ማቀዝቀዣ እንደ ጥንቱ ውሃ በሞላበት ጋን ውስጥ የተጠመጠመ ቱቦ ሆነ፤ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ሞልቶ ሳለ። በ1983 ጊዜው አልፎበታል ተብሎ የተዘጋው ሁሉ ጊዜው ስላለፈበት ተፈለገ። ግንቦት 2021 የብሮራ ተወላጅ የሆነው ዋና ባለሙያው ስቱዋርት ቦውማን የዱር ድመት የተቀረጸበትን የግቢውን በር ከፈተ፤ አባቱ በብሮራ የመጨረሻው የኤክሳይዝ ተቆጣጣሪ ነበር። በዚያው ሰሞን ከ1972፣ ከ1977 እና ከ1982 የተረፈ ውስኪ በሦስት ትንንሽ ጠርሙስ ተደርጎ፣ 300 ሣጥን ብቻ፣ እያንዳንዱ በ30,000 ፓውንድ ለሽያጭ ቀረበ።

አሁን ታስቦበት ተሠራ፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ብሮራ የዕቅድ ልጅ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ምናልባት። በ2021 የተሞላው የመጀመሪያው በርሜል በ2024 በሦስት ዓመቱ ሕግ መሠረት ውስኪ ተብሏል። አርባ ዓመት የሚሞላው በ2061 ነው። እስከዚያ ድረስ በየዓመቱ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ የቀረውን ሊትር ይጽፋል፤ በየዓመቱም አንድ የሽያጭ ኃላፊ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ቢሸጥ ምን እንደሚያወጣ ይጠይቃል። የ1972ቱን በርሜል እንዲህ ብሎ የጠየቀለት ሰው አልነበረም።